ሸር በስልክ መግዛት ቀሏል፣ መሸጡስ?

ይህ ግምገማ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ተጀምሮ የካቲት 7 ቀን ስለተዘጋው የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን (ሸር) ሽያጭ ነው። የምመዝነው በቴሌብር የተሰጠውን የግዢ አገልግሎት ነው። ኩባንያው ራሱ ምን ያህል ያዋጣል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለእሱ ሰፊ ስሌት ያስፈልጋል። እኔ የማየው አንድ ተራ ሰው ገንዘቡን ሰጥቶ ሸር እስኪያገኝ፣ ከዚያም ሸሩን ሰጥቶ ገንዘቡን እስኪያገኝ ያለውን መንገድ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። መገናኛ አካባቢ ነው የምኖረው። ሸር የሚባለውን ነገር በወረቀቱ ዘመንም በስልኩ ዘመንም ስለማውቀው ሁለቱን ማወዳደር እችላለሁ። ዓመታቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ግዢው በጣም ቀላል ነበር። ቴሌብር ስልኬ ላይ አለ፤ መብራት የምከፍለውም ካርድ የምሞላውም በእሱ ነው። የሸር መግዣው እዚያው ውስጥ ተጨመረ። መግለጫውን አነበብኩ፣ ውሉን ተቀበልኩ፣ የምፈልገውን ብዛት ጻፍኩ፣ በምስጢር ቁጥሬ ከፈልኩ። አለቀ። የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ላግዝሽ» ብላ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ሳትነካ ነው የጨረስኩት።

የአንዱ ሸር ዋጋ 300 ብር ነበር። ትንሹ ግዢ 33 ሸር ነበር፣ ማለትም 9,900 ብር። ትልቁ 3,333 ሸር ነበር፣ ማለትም 999,900 ብር። እኔ 100 ሸር ገዛሁ፤ 30,000 ብር መሆኑ ነው። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነበር። የሚለመን ኃላፊ የለም። «ነገ ተመለሺ» የሚል መስኮት የለም። ጎንደር ያለውም ጅማ ያለውም እኔ በገዛሁበት ዋጋ፣ እኔ ባየሁት ሰዓት ይገዛ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በወረቀቱ ዘመን ሸር በአብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ነገር ነበር። ክፍለ ሀገር ያለ ዘመድ ሲፈልግ ለአንዳችን ውክልና ይልካል፣ እኛ ተሰልፈን እንገዛለታለን።

ወረቀቱን የማያውቁ ወጣቶች ስላሉ ትንሽ ላስረዳ። በደርግ ጊዜ የግል ባንክ የሚባል አልነበረም። በ1986 የወጣው አዋጅ ቁጥር 84 በሩን ከፈተ። በ1987 አዋሽ ባንክ ተቋቋመ፣ ከዚያ ዳሸን፣ አቢሲኒያ፣ ወጋገን እያለ ቀጠለ። ያኔ ሸር ሲገዛ የመጀመሪያው ጥያቄ «አደራጆቹ እነማን ናቸው?» የሚል ነበር። ሒሳብ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አላየሁም። የመሥሪያ ቤት አለቃችን ከገዛ እኛም እንገዛለን። የታወቀ ነጋዴ ስሙ ካለበት ሰፈሩ በሙሉ ይገዛል። እኔ የሒሳብ ሰው ሆኜ እንኳ የመጀመሪያውን ሸሬን የገዛሁት የምታመን የሥራ ባልደረባዬ ቅጹን አምጥታልኝ ነው።

ዋጋው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ነው። 1,000 ብር ይላል፣ 1,000 ብር ትከፍላለህ። ከዓመታት በኋላ ባንኩ አድጎ፣ ቅርንጫፉ በዝቶ፣ ሕንፃ ሠርቶም አዲስ ሸር ሲያወጣ ብዙ ጊዜ በዚያው በተጻፈው ዋጋ ነው የሚሸጠው። ስለዚህ የነባር ባለአክሲዮን ትልቁ ጥቅም ቅድሚያ የመግዛት መብቱ ነበር። ብልህ የነበሩት ሰዎች የትርፍ ድርሻቸውን አይወስዱም፤ አዲስ ሸር ይገዙበታል። ከ20 ዓመት በላይ እንዲህ ያደረጉ የማውቃቸው ሰዎች ጥሩ ደርሰዋል።

የዓመቱ ትልቅ ቀን የጠቅላላ ጉባኤው ቀን ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ኦዲተሩ ሥራውን ይጨርሳል፣ ጥሪው በጋዜጣ ይወጣል፣ ኅዳር አካባቢ ቅዳሜ ወይም እሑድ ትልቅ አዳራሽ እንሰበሰባለን። የዓመቱ ሪፖርት ይታደላል። ሽማግሌዎች ተነስተው የዳይሬክተሮች ቦርዱን ያፋጥጣሉ። እኔ እነዚያን ስብሰባዎች እወዳቸው ነበር፤ አሁንም እወዳቸዋለሁ። አንድ ባለ 10 ሸር ሰው ተነስቶ የባንክ ፕሬዚዳንት የሚጠይቅበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ከዚያ «ስንት ታወጀ?» ነው ጥያቄው። ከ1,000 ብር 300 ብር ከታወጀ ሁሉም ደስ ብሎት ይወጣል። የዋጋ ንረቱ ምን ያህል እንደበላው ያኔ ብዙ ሰው አያሰላም ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ራሱ ከ30 በመቶ ሲያልፍ ግን ሁላችንም ማስላት ጀመርን።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ስለ መግዛትና ስለ መያዝ ነው። ስለ መሸጥ ያልነገርኩት መሸጥ ስላልነበረ ነው ማለት ይቻላል።

የቤቴ ጣሪያ አርጅቶ መቀየር ነበረበት። ከባንክ ሸሮቼ የተወሰኑትን ልሽጥ ብዬ ወሰንኩ። የባንኩን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የሁሉም ባንክ ጉዳይ ነበርና። የአክሲዮን ክፍሉ ሠራተኛ በትሕትና «ገዢ ይዘው ይምጡ» አለኝ። ገዢ የት ነው የሚገኘው? እሱ የእኔ ሥራ ነው። ዋጋው ስንት ነው? እሱንም ከገዢው ጋር መስማማት የእኔ ሥራ ነው። አንድ ደላላ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ዋጋ በታች ሰጠኝ። ባንኩ ያን ዓመት ጥሩ ትርፍ ያወጀ ባንክ ነው! ለምን ቢባል፣ ደላላው እንደቸገረኝ ያውቃል፣ ሌላ ገዢ እንደሌለኝም ያውቃል። መጨረሻ ላይ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ገዛኝ። ያም ሆኖ ውልና ማስረጃ ሄደን መፈራረም፣ የግብር ማረጋገጫ ማምጣት፣ ዋናውን ሰርተፍኬት መመለስ፣ ስሙ መዝገብ ላይ እስኪዞር መጠበቅ ነበረብን። በመሐል ክረምቱ ገባ። ጣሪያው ሳይቀየር ክረምቱን አሳለፍነው።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ደግሞ ከአክሲዮን ሽያጭ በሚገኝ ጥቅም ላይ 30 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ከትርፍ ድርሻ ላይ የሚቆረጠው ያኔ 10 በመቶ ነበር። ልዩነቱን ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ይይዛል። አይሸጥም። ሕጉም፣ አሠራሩም፣ ልማዱም «ያዝ» ነው የሚለው። የዚያን ዘመን ሰው ሸርን እንደ መሬት የሚያየው ለዚህ ይመስለኛል፤ ለልጅ ይተላለፋል እንጂ አይነካም።

አንድ ጊዜ ብቻ የሸሩን እውነተኛ ዋጋ በዓይናችን አየን። በ2009 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከባንክና ከኢንሹራንስ ባለቤትነት እንዲወጡ አዘዘ። ሸሮቻቸው በጨረታ ወጡ። ከተጻፈባቸው ዋጋ በላይ ሲሸጡ ብዙዎቻችን ደነገጥን። እኛ 1,000 ብር እያልን የምንጠራው ወረቀት ሰው በጨረታ የበለጠ ይከፍልበታል! ቨርጂንያ ያለው ወንድሜ ያኔ እንደወጣ ቀረ። ገንዘቡን ከሚወደው በላይ ባለቤትነቱን ይወደው ነበር። ሕጉ በ2011 ተሻሽሎ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን እንደገና ተፈቀደላቸው፤ እሱ ግን ልቡ ቆርጦ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮሙ ሽያጭም ለኢትዮጵያውያን ዜጎች ብቻ ስለነበር ይሄኛውንም በሩቁ ተመለከተው። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ዶላር ይዞ የሚመጣ የገዛ ልጃችንን በር ላይ ማቆም ለአገር አይጠቅምም።

ደግሞ ሰው «በኢትዮጵያ የአክሲዮን ገበያ ኖሮ አያውቅም» ሲል እሰማለሁ። ነበረ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሔራዊ ባንክ አማካይነት አዲስ አበባ ላይ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ተቋቁሞ ነበር። ከአሥር የሚበልጡ ኩባንያዎች ሸር ይገዛበትና ይሸጥበት ነበር። ትንሽ ነው፣ የጥቂት ሰዎች ነው፣ ግን መውጫ ነበረው። አንድ ባለአክሲዮን ሸሩን ወደ ገንዘብ የሚለውጥበት የታወቀ ቦታ ነበር። በ1967 ባንኮቹም ፋብሪካዎቹም ሲወረሱ ያ ሁሉ ቆመ። አባቴ የአንድ ፋብሪካ ሸር ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ብቻ ቀረ። የእሱ እኩዮች የግል ባንክ ሲመጣ «መንግሥት ነገ ቢወስደውስ?» ይሉ የነበረው ዝም ብለው አይደለም። ከ1967 እስከ 2017፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ አገሪቱ ሸር መሸጫ ቦታ አልነበራትም። ሦስት ትውልድ ሸርን ያለ ገበያ ነው የተማረው።

በ2000ዎቹ የመጣውን «በምሥረታ ላይ» የሚባለውን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። ሬዲዮ ሲከፈት የሸር ማስታወቂያ ነው፤ ባንክ፣ ሪል ስቴት፣ ሲሚንቶ። አደራጆች ከሸሩ ዋጋ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላሉ። አንዳንዱ ተመሥርቶ ጥሩ ደረሰ። ብዙው ሳይመሠረት ቀረ። ጎረቤቴ ከከፈለችበት ቀን ጀምሮ ገንዘቧ እስኪመለስ ዓመታት ጠበቀች፤ የአገልግሎት ክፍያው አልተመለሰላትም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ባንክ ለመክፈት የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው ብዙ ሕልም እዚያው ቆመ። በዚያው ዓመት የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 ወጣ። ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከእንግዲህ ለሕዝብ የሚሸጥ ሸር በባለሥልጣኑ ሳይመዘገብና መግለጫ ሳያወጣ አይሸጥም። ለእኔ ከሁሉም ለውጥ ትልቁ ይሄ ነው። ስልኩ ሁለተኛ ነው።

መግለጫው፣ ማለትም ፕሮስፔክተሱ፣ ረጅም ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ሲሸጥ ያወጣውን ለማንበብ ቀናት ወስዶብኛል። ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመግዛቴ በፊት ስለ ስጋት የተጻፈ ምዕራፍ አነበብኩ። ሻጩ ራሱ «ይሄ ይሄ ሊያጋጥም ይችላል» ብሎ ሲጽፍ ማየት ለእኔ አዲስ ነው። ከዚህ በፊት ሻጭ ሁሉ ስለ ትርፍ ብቻ ነበር የሚያወራው። እንደ እኔ ያለ ሰው ሙሉውን ያነባል፤ ታክሲ የሚነዳው የእህቴ ባል ግን አያነብም፣ ጊዜም የለውም። ስልኩ ውስጥ ሁለት ገጽ በቀላል አማርኛ ቢገባለት፣ ወይም በድምፅ ቢነበብለት፣ ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር። በአገልግሎቱ ላይ የመጀመሪያው ቅሬታዬ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ትንሹ ግዢ ነው። 9,900 ብር ለእኔ ከባድ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 4,760 ብር ነበር። ጽዳት ላይ የምትሠራ ሴት ምንም ሳትበላ ሁለት ወር ብታጠራቅም እንኳ ይጎድላታል። ኩባንያው የሕዝብ ነው፣ ሽያጩም ለሕዝብ ነው ከተባለ በአምስትና በአሥር ሸር መጀመር ይቻል ነበር። ስልክ እኮ ወረቀት አያሳትምም። 5 ሸር መመዝገብና 500 ሸር መመዝገብ ለኮምፒዩተር አንድ ነው። ዕቁብ የሚጥሉ እናቶች ከዕቁባቸው ላይ 1,500 ብር ቢያነሱ 5 ሸር ይገዙ ነበር። ያን ዕድል ማጣታቸው ያናድደኛል።

እንግዲህ ውጤቱን እንይ። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን ሸር ነበር፣ የኩባንያው 10 በመቶ፣ 30 ቢሊዮን ብር። ጊዜው መጀመሪያ ታኅሣሥ 25 ሊዘጋ ነበር፤ ተራዘመ። በመጨረሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ሸር ነው። ገዢዎቹ 47,377 ናቸው። ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር።

ሰው ይህን ሲሰማ «አልተሳካም» ይላል። እኔ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ከ999,900 ብር በላይ መግዛት አይችልም ነበር። ስለዚህ 30 ቢሊዮኑ እንዲሞላ ሁሉም ገዢ እስከ ጣሪያው ቢገዛ እንኳ 30,000 ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም ትንሹን ቢገዛ ደግሞ ከ3 ሚሊዮን ሰው በላይ ያስፈልጋል። የገዙት በአማካይ 226 ሸር ገደማ ነው የገዙት፣ ወደ 68,000 ብር። ይሄ ተራ ሰው ያጠራቀመው ገንዘብ ነው፣ የሚናቅ አይደለም። በሌላ በኩል ቴሌብር በ2016 መጨረሻ ከ47 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። ከሺህ ተጠቃሚ አንዱ ገዛ ማለት ነው። መግዣው ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ 999ኙ አልገዙም።

ለምን? ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ120 አለፈ። ኑሮ ተወደደ። ገንዘብ ያለው ሰው ዕቃ ወይም ቦታ ይገዛል እንጂ ወረቀት አያምንም። ይሄ እውነት ነው። ነገር ግን እኔ ስለ ሸር የሚጠይቁኝን ሰዎች፣ የማኅበር ጓደኞቼን፣ የሰፈር ልጆችን፣ ባለሱቁን ሰምቻለሁ። «ያተርፋል ወይ?» ብሎ የጀመረ ሁሉ «ሲቸግረኝ ለማን እሸጠዋለሁ?» ብሎ ይጨርሳል። በጥቅምት 2017 ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ የተሟላ መልስ አልነበረም። ገበያው ገና አልተከፈተም። በጥቅምት የከፈለ ሰው ድልድሉን፣ ማለትም ስንት ሸር እንደደረሰው፣ ለማወቅ ሽያጩ እስኪዘጋ መጠበቅ ነበረበት። መግዣው ቁልፍ ስልኩ ላይ አለ፤ መሸጫው ቁልፍ የለም። እኔ ለአገልግሎቱ ሙሉ ነጥብ የማልሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥር 2 ቀን 2017 የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ፣ ማለትም ሸር የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያ፣ ተከፈተ። ወጋገን ባንክ ሸሩ እዚያ እንዲገበያይ የተመዘገበ የመጀመሪያው ኩባንያ ሆነ፤ ገዳ ባንክም በኋላ ተከተለ። ገበያው ራሱ ሲቋቋም 625 ሚሊዮን ብር ፈልጎ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነው ያገኘው፤ ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ከውጭም የናይጄሪያ የአክሲዮን ገበያ ሳይቀር ገቡበት። ትልልቆቹ ተቋማት ገበያውን አምነውታል ማለት ነው። ተራው ሰው ገና እያየ ነው።

አዲሱ አሠራር ከወረቀቱ ዘመን በምን ይለያል? ሸሩ በማዕከላዊ ግምጃ ቤት በኤሌክትሮኒክ ይመዘገባል፤ ሰርተፍኬት ጠፋብኝ፣ አይጥ በላው ማለት ቀረ። ፈቃድ ያለው አገናኝ ድርጅት ጋ ሒሳብ ይከፈታል። ትእዛዝ የሚሰጠው በእሱ በኩል ነው። ገዢ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር መዞር የለም። ዋጋው ግን ወረቀት ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ዛሬ ገዢና ሻጭ የተገናኙበት ነው። ይወጣል፣ ይወርዳል።

ይህን «ይወርዳል» የሚለውን ቃል ሰው በደንብ እንዲሰማው እፈልጋለሁ። እኛ የወረቀት ዘመን ሰዎች ሸር ሲወርድ አይተን አናውቅም። ባንኩ ቢከስርም ባያተርፍም 1,000 ብሩ ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈ ነው። ስለዚህ የማይወርድ ይመስለናል። ጎረቤት ኬንያ ይህን በሳፋሪኮም ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት 25 በመቶውን በ5 ሽልንግ ለሕዝብ ሲሸጥ ከ800,000 በላይ ሰው ገዛ። ከባንክ ተበድሮ የገዛ ብዙ ነበር። ናይሮቢ ገበያ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ዘለለ፣ በወራት ውስጥ ግን ከ5 ሽልንግ በታች ወረደ። ተበድሮ የገዛው ሰው ብድሩን ለመክፈል በኪሳራ ሸጠ። የራሱን ትርፍ ገንዘብ ያስቀመጠው ሰው ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ያው ሸር ከ40 ሽልንግ በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ደግሞ ተመልሶ በጣም ወረደ። ሁለቱም ዓይነት ሰው አንድ ሸር ነው የገዛው። ልዩነቱ የገዛበት ገንዘብ ነው። ኬንያውያን ግን በየትኛውም ቀን፣ ከፋም ለማም፣ የሚሸጡበት ቦታ ነበራቸው። ለ800,000 ሰው የመግዛት ድፍረት የሰጠው ያ ይመስለኛል፤ የናይሮቢ ገበያ እኮ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ያለ ነው።

ለእህቴ ልጅ የነገርኳትን እዚህም ልጻፈው። እሷ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ገና ቤት የላትም። ቴሌብር ላይ ቀላል ስለሆነ ብቻ እንዳትገዛ ነግሬያታለሁ። የቤት ኪራይ ሦስት ወር ከተቀመጠ በኋላ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት የማትነካው ገንዘብ ካላት ትግዛ። ደግሞ አንድ ኩባንያ ላይ ሁሉንም አታድርግ። በእኛ ጊዜ ምርጫው ባንክና ኢንሹራንስ ብቻ ስለነበር ሁላችንም አንድ ዓይነት ንግድ ላይ ተከምረናል፤ የባንክ ዘርፍ ሲያስነጥስ የሁላችንም ቤት ይታመማል። አሁን ቴሌኮም ተጨምሯል። ነገ ሲሚንቶ፣ መድኃኒት፣ የእርሻ ድርጅት ቢጨመር ደስ ይለኛል። እሷም «እሺ አክስቴ» ብላ 33 ሸሯን ገዛች። የእሷ ትውልድ አደራጁ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩን ያያል። በዚህ ከእኛ ይሻላሉ። ትዕግሥቱ ላይ ግን የእኛ ዘመን ይሻል ነበር፤ በየቀኑ ዋጋ የሚያሳይ ነገር ስላልነበረ ሳንረበሽ ነው የያዝነው። እሷ ዋጋ በየሰዓቱ እያየች መያዝን መማር ይኖርባታል።

ውርስ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ቤት የሚያጣላ ስለሆነ። የወረቀት ሰርተፍኬት ቢያንስ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ልጆች ከቀብር በኋላ ሣጥኑን ሲከፍቱ እናታቸው ሸር እንዳላት ያውቃሉ። ስልክ ውስጥ ያለ ሸር ግን በምስጢር ቁጥር የተቆለፈ ነው። እኔ ያለኝን ሁሉ፣ የባንክ ሸሮቼንም የቴሌኮሙንም፣ ብዛቱንና የተመዘገበበትን ስም በአንድ ደብተር ጽፌ ለልጆቼ አሳይቻለሁ። የምስጢር ቁጥር አይጻፍም። መኖሩ ብቻ ይጻፍ። ሸር ያላችሁ ሁሉ ይህን ዛሬ አድርጉት፤ የስም አጻጻፉም መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው መሆኑን አብራችሁ አረጋግጡ።

ፍርዴን ልስጥ። ለግዢው ቅለት፣ ለዋጋው እኩልነት፣ ከመግለጫ ጋር ለመቅረቡ ከአሥር ዘጠኝ እሰጣለሁ። ለተራው ሰው ተደራሽነት፣ በ9,900 ብሩ ምክንያት፣ አምስት። በሽያጩ ወራት ለነበረው መውጫ ሁለት፤ እሱንም የምሰጠው ገበያው በመካከሉ ስለተከፈተ ነው። ሌላ የመንግሥት ድርጅት በዚሁ መንገድ ሲሸጥ እኔ እገዛለሁ። የምፈልገው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቼ ገበያ ላይ እንደሚመዘገብ ቀኑ ተጽፎ እንዲቀርብ፣ ትንሹ ግዢ እንዲወርድ፣ ከመግዣው አጠገብ መሸጫውም እንዲታይ ነው።

በአገናኝ ድርጅት በኩል ሸር የሸጣችሁ ካላችሁ ደግሞ ጻፉልኝ። ሒሳብ ለመክፈት ምን ጠየቋችሁ? ትእዛዙን ከሰጣችሁ በኋላ ገዢ እስኪገኝ ስንት ቀን ፈጀ? ኮሚሽኑ ስንት ነው? ገንዘቡስ ባንክ ሒሳባችሁ ላይ መቼ ገባ? ስለ መግዛት የሚያወራ ሞልቷል፤ እኔ የሸጠ ሰው ነው የምፈልገው።